የላፕቶፕ ራም በራሳችሁ እጅ ለመጨመር

«ይህ ላፕቶፕ አርጅቷል፤ ሌላ ልግዛ ወይ?» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ራሙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 4 ጊጋባይት ሆኖ አገኘዋለሁ። ማሽኑ ጤነኛ ነው፣ ስክሪኑ ንጹሕ ነው፣ ፕሮሰሰሩም ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ የጠበበው የሥራ ቦታው ብቻ ነው። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን እየሠራ ክሮም ላይ አሥር ገጽ ከፍቶ፣ ኤስፒኤስኤስ አስነስቶ፣ ቴሌግራሙም ከኋላ እየሠራ፣ ላፕቶፑ ለአንዲት ጠቅታ ግማሽ ደቂቃ ሲያስጠብቀው አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ያለበት ይመስለዋል። የሚያስፈልገው ግን በሁለት ጣት የምትያዝ አንዲት ቀጭን ሰሌዳ ናት።

የመግጠሙ ሥራ ራሱ ተረጋግቶ ለሚሠራ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። ገንዘብ የሚባክነውና ማሽን የሚቃጠለው ግን ከዚያ በፊት ባለው ነው፤ ሳያጣሩ በመግዛትና ባትሪውን ሳያላቅቁ በመክፈት። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ለምሳሌነት የመረጥኩት ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ዛሬ ያገለገለ ሆኖ በየገበያው የሚዞር፣ ለመክፈትም የማያስቸግር ማሽን ነው። የእናንተ ኤችፒ ወይም ዴል ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው፤ የሚለዩበትን ቦታ ስደርስ እጠቁማለሁ።

በእርግጥ የጎደለው ራም ነው?

የስም ግርታውን እናጥራ። ስልክ ላይ «ሜሞሪ» የምንለው ፎቶና ዘፈን የሚቀመጥበትን ካርድ ነው። ላፕቶፕ ላይ ግን ፋይል የሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ) ላይ ሲሆን፣ ራም ማሽኑ በርቶ ሳለ የሚሠራበት ቦታ ነው። ዲስኩን ጎተራ፣ ራሙን መሶብ ብላችሁ አስቡት። ጎተራው ሙሉ ቢሆንም የሚበላው መሶቡ ላይ የቀረበው ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሲጠፋም መሶቡ ይነሣል። መሶቡ ሲጠብ ዊንዶውስ ከላዩ የተወሰነውን እያነሣ ለጊዜው ወደ ዲስኩ ይመልሳል፣ ሲፈለግ ደግሞ እንደገና ያቀርባል። ላፕቶፑ የሚንቀራፈፈው በዚህ ምልልስ ነው። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነማ የመሽከርከሩ ድምፅ ሳይቀር ይሰማል።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። በሥራ ቀናችሁ የምትከፍቱትን ሁሉ ክፈቱ፦ ብሮውዘሩን፣ ወርዱን፣ ፒችትሪውን ወይም ኦቶካዱን። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይመጣል። «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ገብታችሁ ሜሞሪንና ዲስክን ተራ በተራ ተመልከቱ። ሜሞሪው ከ85 በመቶ በላይ ወጥቶ እዚያው ከቆየ ራም ጎድሏችኋል። ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ማሽኑ የሚፈልገው ኤስኤስዲ ነው። ይህን ሳያዩ ራም ገዝተው «ምንም ለውጥ የለውም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሃርድ ዲስክ ያለው ላፕቶፕ ላይ ለአንዱ ብቻ ገንዘብ ቢኖረኝና ራሙ 8 ጊጋባይት ቢሆን፣ ያለ ማመንታት ኤስኤስዲውን አስቀድማለሁ።

ሌላም ማየት ያለባችሁ ነገር አለ። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያም አባውት ብላችሁ ግቡና ዊንዶውሱ ባለ 64 ቢት መሆኑን አረጋግጡ። ባለ 32 ቢት የሆነው ዊንዶውስ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ 16 ብትገጥሙበትም ትርፉ ተኝቶ ይቀራል። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ዊንዶውሱን ማስቀየር ነው።

ማሽኑ ተጨማሪ ይቀበላል?

እዚያው ታስክ ማናጀር የሜሞሪው ገጽ ላይ ከታች ትንንሽ ጽሑፎች አሉ። «ስሎትስ ዩዝድ» ከሚለው ጎን «1 ኦፍ 2» ካለ፣ ሁለት የራም ማስገቢያ አለ፣ አንዱ ባዶ ነው ማለት ነው። «ፎርም ፋክተር» ከሚለው ጎን «ሶዲም» ካለ የሚነቀል ራም ነው። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» የሚል ካያችሁ ራሙ ማዘርቦርዱ (የማሽኑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ተበይዷል፤ አይነቀልም። ይህ ጽሑፍ አንዳንዴ ስለሚሳሳት ብቻውን አትመኑት። የማሽኑን ሙሉ የሞዴል ስም ከጀርባው ላይ አንብባችሁ የአምራቹን የጥገና መመሪያ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ ሌኖቮም፣ ዴልም፣ ኤችፒም በነጻ ያወጡታል።

የሞዴሉን ስም እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንብቡ። ቲ480 ሁለት ስሎት አለው፤ ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም የተበየደበት፣ አንድ ስሎት ብቻ የቀረለት ቀጭን ማሽን ነው። ልዩነታቸው በስም አንዲት ፊደል ናት፣ በግዢ ግን ብዙ ብር ነው። ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርበን ጭራሽ ስሎት የለውም። ማክቡክ ኤር ከመጀመሪያው ጀምሮ ራሙ የተበየደ ነው፤ ማክቡክ ፕሮም እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ባለ ሬቲና ሞዴል ወዲህ እንዲሁ። «እኔ እጨምርልሃለሁ» የሚል ጠጋኝ ቢገጥማችሁ፣ ለእነዚህ ማሽኖች የሚያወራው ቺፕ ነቅሎ ስለ መበየድ ነው። ያ ልዩ መሣሪያና ልዩ እጅ ይፈልጋል፤ ቤት የሚሠራ አይደለም።

ከፍተኛውን መጠንም ከመመሪያው እዩ። ሌኖቮ ለቲ480 የሚለው 32 ጊጋባይት ነው፣ ባለ 16 ሁለት ማለት ነው። ለአብዛኛው ሰው ግን ይህን ያህል አያስፈልግም። ለቢሮ ሥራ፣ ለትምህርትና ለብሮውዘር 8 ይበቃል፤ 16 ከሆነ ለዓመታት አታስቡም። ከዚያ በላይ የሚጠይቁት ትልልቅ ቪዲዮ የሚያቀናብሩ፣ በኦቶካድ ወይም በሬቪት ሕንፃ የሚሠሩና ቨርችዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር) የሚያስነሱ ፕሮግራመሮች ናቸው። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ብዙ ሰው ወደ 11 እየተሻገረ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ዝቅተኛው 4 ጊጋባይት ነው ቢልም፣ በ4 የሚሠራው ሥራ የሰው ልብ የሚያደክም ነው።

ተለጣፊውን ማንበብ

የላፕቶፕ ራም ሶዲም ይባላል። ርዝመቱ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን የዴስክቶፑ ግማሽ ያህል ነው። ትውልዶቹ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4፣ ዲዲአር5 ይባላሉ፣ አንዱ የሌላው ቦታ አይገባም። የወርቃማ ጥርሶቻቸው ቁጥር 204፣ 260 እና 262 ነው፤ መሐላቸው ያለችው ትንሽ ክፍተትም በየትውልዱ ቦታዋ ይለያል። አልገባ ያለ ራም ከትውልዱ ውጭ ነው ወይም ተገልብጧል ማለት ስለሆነ በጉልበት የሚደረግ ነገር የለም።

የእናንተን ለማወቅ ፕሮሰሰሩ ፍንጭ ይሰጣል። ኢንቴል ኮር አይ5-8250ዩ ካለ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለችው 8 የስምንተኛ ትውልድ ምልክት ናት። 4ኛና 5ኛ ትውልድ ላፕቶፖች በዲዲአር3ኤል ይሠራሉ፤ 6ኛው ላይ ሁለቱም ይገኛሉ፤ 7ኛና 8ኛው በአብዛኛው ዲዲአር4 ነው፤ ከ12ኛው ጀምሮ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 ሊሆን ይችላል። ይህ ግን ግምት ነው። እውነቱን የሚናገረው ማሽኑ ውስጥ ያለው ራም ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ላይ «8ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ4-2400ቲ» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ታገኛላችሁ። 8ጂቢ መጠኑ ነው። ፒሲ4 ማለት ዲዲአር4 ማለት ሲሆን 2400 ፍጥነቱ ነው። አንዳንድ አምራች በዚያ ቦታ 19200 ብሎ ይጽፋል፤ ግራ አይግባችሁ፣ 2400ን በ8 ስታባዙት የምታገኙት ነው። በዚሁ ስሌት 21300 ማለት 2666፣ 25600 ማለት ደግሞ 3200 ነው። የድሮዎቹ ላይ «ፒሲ3ኤል-12800ኤስ» ካለ ፍጥነቱ 1600 የሆነ ዲዲአር3ኤል ነው።

ያቺን «ኤል» አጥብቃችሁ ያዙ። ተራው ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት ይሠራል፤ ኤል ያለበት ደግሞ በ1.35። ሁለቱ በመልክ አይለዩም፣ ስሎቱም ይቀበላቸዋል፤ ግን ብዙዎቹ የ4ኛና የ5ኛ ትውልድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ኤል የሌለበት ሲገጠምላቸው ጭራሽ አይነሡም። አንድ ጊዜ ይህቺን ፊደል ሳላይ ገዝቼ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀርቶብኝ፣ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ሙሉ ከሰዓት ፈትቼ ስገጥም ውያለሁ። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

ፍጥነቱን በተመለከተ ሁለት ራም መግጠም ጥንድ በሬ እንደ መጥመድ ነው። አንዱ ዘገምተኛ ከሆነ ሌላውም በእርሱ እርምጃ ይሄዳል። ቲ480 ላይ ማሽኑ የሚያስኬደው በ2400 ስለሆነ 2666 ወይም 3200 ብትገዙ ይሠራል፣ ግን በ2400 ይሠራል፤ ለፍጥነቱ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ። መጠናቸው እኩል ሲሆን ደግሞ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያነባል፣ ይህም ዱዋል ቻናል ይባላል። የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለስክሪኑም የሚጠቀመው ከዚሁ ራም ስለሆነ ለውጡ በተለይ ቪዲዮና ሥዕል ላይ ይታያል። ስለዚህ 8 ላይ 8 መጨመር አንዱን ነቅሎ ብቸኛ 16 ከማስገባት ይሻላል። 4 ላይ 8 ጨምሮ 12 ማድረግም ችግር የለውም፤ አብዛኛው ማሽን ይቀበለዋል።

ስትገዙ

ነባሩን ራም ይዛችሁ ሂዱ፤ ካልሆነም ወረቀቱን ጥርት አድርጋችሁ ፎቶ አንሡት። ከውጭ የሚልክላችሁ ዘመድ ካለ ይኼው ፎቶ ይበቃዋል። ራም ትንሽና ቀላል ስለሆነ በመንገደኛ እጅ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ግን «ራም» ብቻ ብላችሁ አትላኩ፣ የዴስክቶፕ ይዞላችሁ ሊመጣ ይችላል።

ከእ.ኤ.አ. 2025 መጨረሻ ወዲህ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ በጣም ንሯል፤ አምራቾቹ ምርታቸውን በብዛት ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመረጃ ማዕከላት ስላዞሩት ነው። በዚህ ጊዜ ያገለገለ ራም መግዛት ነውር የለውም። ራም የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ቶሎ አያልቅም፤ እኔም ብዙ ጊዜ የምገዛው ያገለገለ ነው። ጥንቃቄው ወረቀቱ ላይ ነው። ወረቀት ይቀየራል። ሰሌዳው ላይ ያሉትን ትልልቅ ጥቋቁር ቺፖች ተመልከቱ፦ ሁሉም የአንድ አምራች መሆን አለባቸው፣ ጽሑፋቸውም ያልተፋቀ፣ ጥርሶቹ ያልተቃጠሉና ያልተጫሩ። ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ቺፑን ራሳቸው የሚያመርቱ ናቸው። ከተቻለ ሱቁ ውስጥ ተገጥሞ መጠኑ ሲነበብ እዩ፤ ካልተቻለ «አልሠራ ካለ በሦስት ቀን ውስጥ እመልሳለሁ» የሚለውን ቃል ደረሰኙ ላይ አጽፉ። ቃል በአፍ ብቻ ከሆነ ሲመለሱበት ይረሳል።

ከመክፈታችሁ በፊት

ፋይላችሁን ቅዱ። ራም መጨመር ፋይል አያጠፋም፤ ቢሆንም ማሽን ሊከፈት ሲል የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) የበራበት ማሽን ከሆነ የመልሶ መክፈቻ ቁልፉን ወረቀት ላይ ገልብጡት፤ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ የሆነ ነገር ሲነካ አንዳንዴ ይጠየቃል፣ ያን ጊዜ ያልያዘ ሰው ከገዛ ዲስኩ ይዘጋበታል።

መሣሪያው ጥቂት ነው። ጫፉ መስቀል የሆነ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ማለትም ፊሊፕስ ዜሮ ወይም አንድ ቁጥር፣ እና ሽፋኑን ለመፈልቀቅ ጊዜው ያለፈበት ኤቲኤም ካርድ። ቢላዋና ብረት አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ይጎዳሉ፣ ሾልከው ሲገቡም ማዘርቦርዱን ይጭራሉ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው የተለያየ ከሆነ ነጭ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በቦታው በፕላስተር ለጥፉት። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ማጥበቅ ማዘርቦርድ ይበሳል።

የሚሠራው ጠረጴዛ ላይ ነው እንጂ አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ አይደለም። በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅ፣ ሹራብ ስታወልቁ የምትሰሙት ጠሽ ጠሽ የሚል ድምፅ ለራም ቺፕ መብረቅ ነው። ሹራቡን ከሥራው በፊት አውልቁ፤ ከዚያም የውሃ ቧንቧ ወይም ቀለም ያልተቀባ የመስኮት ብረት ነክታችሁ ጀምሩ፣ በመሐልም ደጋግማችሁ ንኩ።

አሁን ባትሪው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህ ይሁን። የጠፋ ላፕቶፕ ኤሌክትሪክ አልባ አይደለም፤ ባትሪው እስከተገናኘ ድረስ ማዘርቦርዱ ላይ ኃይል አለ፣ ራሙ ጋ ሳይቀር። በዚያ ሁኔታ ራም ሲነቀል ወይም ካቻቢቴ ሲወድቅ በአንዲት ብልጭታ ማዘርቦርዱ ይሄዳል። ቲ480 ደግሞ ሁለት ባትሪ ያለው ማሽን ነው። አንዱ ከኋላ በመቆለፊያ የሚወጣው ነው፤ ሌላው ውስጥ ነው። የኋላውን አውጥተው «ባትሪ አወጣሁ» ብለው የሚገቡ ሰዎች ውስጠኛው እንዳለ ነው የሚሠሩት። በዚህ ምክንያት ደኅና የነበረ ማሽን ሲሞት አይቻለሁ፣ ባለቤቱ የዓመት ቁጠባውን ያፈሰሰበት ነበር።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ቻርጀሩን ንቀሉ። ማሽኑን ሪስታርት አድርጉና የሌኖቮ ምልክት ብቅ ሲል ኤፍ1ን ተጫኑ፤ ባዮስ ይከፈታል። «ኮንፊግ»፣ ቀጥሎ «ፓወር»፣ ቀጥሎ «ዲሴብል ቢልት ኢን ባተሪ» የሚለውን መርጣችሁ «የስ» በሉ። ማሽኑ ራሱ ይጠፋል፤ ውስጠኛው ባትሪ ከሥራ ወጥቷል። ከዚህ በኋላ ቻርጀር ካልሰካችሁ በቀር አይበራም፣ አትደንግጡ። ከዚያ ላፕቶፑን ገልብጣችሁ የኋላውን ባትሪ መቆለፊያዎቹን ገፍታችሁ አውጡት፤ የማብሪያውን ቁልፍ ለ15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ፣ የተረፈው ኃይል ይወጣል። ሙቀቱ እስኪበርድም ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

እንዲህ ያለ የባዮስ ምርጫ በሌላቸው ማሽኖች ላይ፣ ዊንዶውስን ሺፍት ተጭናችሁ እንደያዛችሁ «ሸት ዳውን» በማለት ሙሉ በሙሉ አጥፉት። ሽፋኑን እንደከፈታችሁም ከምንም ነገር በፊት የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ ንቀሉ። ገመዱን በመጎተት ሳይሆን ሶኬቱን በጥፍር ግራና ቀኝ እያወጣችሁ።

መክፈትና መግጠም

ሲም ካርድ ወይም ሜሞሪ ካርድ ካለበት አስቀድሞ ይውጣ። የቲ480 ጀርባ ላይ ስድስት ብሎኖች አሉ። ስትፈቷቸው ከሽፋኑ አይወጡም፣ ተንጠልጥለው ይቀራሉ፤ ስለዚህ ሊወጡ ይገባል ብላችሁ አትጎትቱ። ካርዱን በስፌቱ አስገብታችሁ ከባትሪው በኩል ካለው ጠርዝ ጀምሩና ዙሪያውን እየሄዳችሁ ቀስ በቀስ ፈልቅቁ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ የፕላስቲክ መንጠቆዎቹ ሲለቁ ነው፤ ያስፈራል፣ ግን ጤነኛ ድምፅ ነው። አንዱ ጎን እምቢ ካለ ያልተፈታ ብሎን እንዳለ ፈትሹ እንጂ አትታገሉ።

ውስጡን ስታዩ የማራገቢያው አየር ማስወጫ ላይ አቧራ ተጋግሮ ከሆነ፣ ማሽኑ አንዴ ተከፍቷልና በለስላሳ ብሩሽ አንሡት። የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ያዙት፣ እንዳይሽከረከር።

ራሙ አረንጓዴ ወይም ጥቁር፣ በሁለት ጎኑ በብረት ክንዶች የተያዘ ሰሌዳ ነው። በአንዳንድ ማሽኖች በቆርቆሮ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ይጋረዳል፤ መጋረጃው ቀና ይላል። ነባሩን የምትነቅሉ ከሆነ በሁለቱ አውራ ጣቶች ክንዶቹን ወደ ውጭ፣ ግራውን ወደ ግራ፣ ቀኙን ወደ ቀኝ፣ ጥቂት ብቻ ክፈቷቸው። ሰሌዳው በራሱ ብድግ ይላል። እንደተነሣ በጠርዞቹ ይዛችሁ በዚያው ዘንበል ባለበት አቅጣጫ ሳቡት። ወርቃማ ጥርሶቹን በጣት አትንኩ፤ የጣት ወዝ ይቀርባቸዋል።

አዲሱን ስትገጥሙ መጀመሪያ በጥርሶቹ መሐል ያለችውን ክፍተት ቦታ ከስሎቱ ጉብታ ጋር አስተያዩ። ሰሌዳውን ሠላሳ ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ ወደ ስሎቱ ግፉት። አዲስ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ወደ ታች ይጫነዋል። በደንብ ሲገባ ወርቃማዎቹ ጥርሶች ከመታየት ሊጠፉ ይቀራሉ፣ ከላይ ቀጭን መሥመር ብቻ ነው የሚተርፈው። ጥርሶቹ በግማሽ የሚታዩ ከሆነ ወይም አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ካለ አልገባም። ከገባ በኋላ ሁለቱን ጠርዞች እኩል ወደ ታች ስትጫኑት ክንዶቹ ጠቅ ብለው ይይዙታል። ጠቅታው ካልተሰማ እንደገና ከመግፋቱ ጀምሩ። ሁለት ስሎት ኖሮ የምትገጥሙት አንድ ብቻ ከሆነ ነባሩ በነበረበት ስሎት ይሁን።

ሽፋኑን ወዲያው አትዝጉት፣ ቦታው ላይ ብቻ አኑሩት። ብሎን ከማጥበቃችሁ በፊት መብራቱን እንይ።

ማብራት

የባትሪውን ገመድ የነቀላችሁ መልሱት፤ ቲ480 ከሆነ የኋላውን ባትሪ አስገቡና ቻርጀሩን ሰኩ። አብሩት። የመጀመሪያው ማብራት ላይ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ማሽኑም ጠፍቶ ራሱ ሊበራ ይችላል፤ አዲሱን ራም እየለካና እየተላመደ ነው። ዲዲአር5 ያለበት ማሽን ላይ ይህ ብዙ ደቂቃ ሊወስድ ስለሚችል ቡና አፍልታችሁ ጠብቁ እንጂ ቁልፉን ተጭናችሁ አታጥፉት። አንዳንድ ማሽን «የሜሞሪው መጠን ተቀይሯል» የሚል መልእክት ያወጣል፤ ኢንተር ብላችሁ እለፉ።

ዊንዶውስ ሲከፈት ወደዚያው ታስክ ማናጀር ተመለሱ። 8 ላይ 8 ጨምራችሁ ከሆነ 16 ጊጋባይት፣ «ስሎትስ ዩዝድ» ደግሞ 2 ኦፍ 2 ማለት አለበት። የሚሠራበት 15.8 አካባቢ ቢል ችግር አይደለም፣ ቀሪውን ግራፊክሱና ሥርዓቱ ይዘውታል። «ሃርድዌር ሪዘርቭድ» የሚለው ግን ጊጋባይቶች ካሳየ አንዱ ሰሌዳ በደንብ አልተቀመጠም፤ እንደገና ነቅላችሁ አስገቡት።

መታየቱ ጤነኛ መሆኑን አያረጋግጥም፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ። ስታርት ላይ «ዊንዶውስ ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ» ብላችሁ ፈልጉና ሪስታርት አድርጎ እንዲፈትሽ ፍቀዱለት። እንደ መጠኑ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ውጤቱን ተመልሳችሁ ስትገቡ በማስታወቂያ ይነግራችኋል። እኔ ለያገለገለ ራም ሜምቴስት86ን ፍላሽ ላይ ጭኜ ሌሊቱን አሳድረዋለሁ። አንድም ስሕተት ቢያሳይ ራሙ ይመለሳል። «አንዲት ስሕተት ናት» ተብሎ የታለፈ ራም ከወራት በኋላ የኤክሴል ፋይል ያበላሻል፤ ያን ጊዜ ማንም ራሙን አይጠረጥርም።

ፈተናውን ሲያልፍ ቻርጀሩን ነቅላችሁ፣ ባትሪውን እንደ መጀመሪያው አላቅቃችሁ፣ ሽፋኑን ዙሪያውን እየተጫናችሁ ግጠሙና ብሎኖቹን አጥብቁ። ማጥበቅ ማለት እስኪቆም ነው፤ ከዚያ በላይ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

አልበራ ካለ

ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ ወይም ማሽኑ ድምፅ እያሰማ ወይም የኪቦርዱ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ አትሸበሩ፤ ዘጠና በመቶ በሚሆነው ጊዜ ራሙ ጥቂት ሳይገባ ቀርቶ ነው ብዬ እጀምራለሁ። አጥፉ፣ ባትሪውን አላቅቁ፣ ነቅላችሁ እንደገና ግጠሙ። ያገለገለ ራም ከሆነ ጥርሶቹን በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉ፤ ላጲስ የምትጠቀሙ ከሆነ ነጩንና ለስላሳውን፣ በጣም በቀስታ፣ ፍርፋሪውንም ጨርሳችሁ አራግፉት።

አሁንም እምቢ ካለ አዲሱን አውጡና በነባሩ ብቻ አብሩ። ከበራ ማሽኑ ደኅና ነው፣ ጥያቄው አዲሱ ላይ ነው። ቀጥሎ አዲሱን ብቻውን ነባሩ በነበረበት ስሎት ሞክሩት። ብቻውን ከሠራና ከነባሩ ጋር ካልተስማማ ጥንዱ ነው ያልገጠመው፤ የባዮስ ማሻሻያ ካለ ጫኑ፣ ካልሆነም ተመሳሳይ ቀይሩ። ብቻውንም ካልሠራ ወረቀቱን እንደገና አንብቡ፤ ትውልዱን፣ «ኤል»ዋን፣ መጠኑን። ሁሉ ልክ ሆኖ ካልሠራ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሱቁ ተመለሱ።

በነባሩም የማይበራ ከሆነና ማሽኑ ቲ480 ከሆነ ቻርጀሩ መሰካቱን እዩ፤ ውስጠኛውን ባትሪ ከሥራ አውጥታችኋልና ቻርጀር እስኪሰካ አይነቃም። ይህን ረስተው «ገደልኩት» ብለው ያለቀሱ ሰዎች ስልክ ደውለውልኛል፤ ቻርጀሩን እንደሰኩት በርቷል።

የተረፈ አሮጌ ራም ካለ በፀረ ስታቲክ ከረጢቱ (ያን የሹራብ ብልጭታ በሚከላከለው) ወይም አዲሱ በመጣበት ማሸጊያ አኑሩት። ጎረቤት ወይም የእህት ልጅ ዘንድ 4 ጊጋባይት ይዞ የሚታገል ሌላ ማሽን አይጠፋም፤ ወረቀቱን አስተያይታችሁ ከገጠመ እዚያው በመሶቡ ላይ ይጨመር።